ባለወርቅ ጠርዙ የጽጌረዳ ሲኒ፣ በድሬ ውሃ ከ11 ወር በኋላ

ከ12ቱ ሲኒ የ9ኙ ወርቅ ለቋል። መጀመሪያ ከንፈር የሚያርፍበት ቦታ ደበዘዘ፣ ከዚያ ዙሪያው እየሳሳ ሄደ፣ አሁን ነጩ ሸክላ ተገልጦ ወርቁ እዚህም እዚያም ቁርጥራጭ ሆኖ ቀርቷል። ያልለቀቁት 3ቱ ረከቦቱ ጥግ ላይ ተደርድረው እንግዳ ካልበዛ የማይነሱት ናቸው። ምስክሮቼ እነሱ ናቸው፤ አብረው ተገዝተው፣ አብረው ኖረው፣ ያልታጠቡት ብቻ ወርቃቸውን እንደያዙ አሉ።

ዕቃው ሮዝ ጽጌረዳ የታተመበት፣ አፉና የማስቀመጫ ሳህኑ ጠርዝ በወርቅ የተከበበ የ12 ሰው ሙሉ የፖርሴሊን ሲኒ ነው። ሸክላው ምንም አይወጣለትም፤ አልተሰነጠቀም፣ አልተሸረፈም፣ ከጀበና የወረደ ፍል ቡና ይችላል። ጽጌረዳውም ደህና ነው። ችግሩ ወርቁ ነው።

ድሬ ወይም ሐረር ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ሲኒ ሲያይ የሚመጣበት የእናቱ ቡፌ ነው። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ የውጭ ሸክላ በጅቡቲ በኩል ሲገባ ኖሯል። ሐረር ጁገል ውስጥ ደግሞ ሳህኑ ከስፌቱ ጎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እኔም ይህን አበባ የመረጥኩት የቤታችን አበባ ስለሆነ ነው፤ አልዋሽም። ግን ሂሳቡን ያኔ መሥራት ነበረብኝ። የቡፌው ሲኒ ለበዓል ይወጣል፣ በዓመት 5 ጊዜ ቢታጠብ ነው። ይሄኛው በየቀኑ ቡና ይቀርብበታል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል በየመሃሉ ስለሚለቀለቅ በቀን 3 እጥበት፣ በ11 ወር ወደ 1,000 ይጠጋል። የእናቶቻችን ሲኒ እዚህ ቁጥር ላይ ለመድረስ 200 ዓመት ይፈጅበት ነበር። እኛ ደግሞ «የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው» እያልን እናደንቀዋለን!

ሻጩ በጥፍሩ መታ አደረገና አስጮኸው፤ «አቦ፣ ኦርጅናል ነው፣ ዕድሜ ልክ ነው፣ ስማው!» አለ። ከዚያ የስልኩን መብራት ከኋላ አብርቶ የጣቱን ጥላ አሳየኝ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ጥርት ያለ ድምፅ ሸክላው በደንብ መተኮሱንና ስንጥቅ እንደሌለው ይናገራል፣ ብርሃን ማሳለፉም ፖርሴሊን መሆኑን። ስለ ወርቁ ግን አንዱም አንዲት ቃል አይናገርም። ሸክላውና ወርቁ እሳት የሚገቡት በተለያየ ጊዜ ነው፤ ፖርሴሊኑ ከ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይተኮሳል፣ ወርቁ ግን ሸክላው ካለቀ በኋላ ከሚያብለጨልጨው ሽፋን በላይ ተቀብቶ 800 ዲግሪ ገደማ ላይ ብቻ ይጋገራል። ርካሽ ዕቃ ላይ ያለው ፈሳሽ ወርቅ ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ የሰው ፀጉር በመቶዎች እጥፍ ይወፍረዋል። ከላዩ የሚከልለው ነገር የለም። እና «ዕድሜ ልክ» ያልከኝ፣ ወንድሜ፣ የማንን ዕድሜ ነው?

እርግጥ ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አይደለም፤ ውሃችንም አለበት። የድሬ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለውም ድንጋዩ ስላለ ነው። የማፍያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ሲኒውም ላይ ይቀራል። በዚህ ሙቀት የታጠበ ሲኒ ውሃው ሳይንጠፈጠፍ ይደርቅና ኖራው እንደ ጭጋግ ይለጠፍበታል። የሚያጥበው ሰው «አልጠራም» ብሎ ሽቦ ያነሳል። ወርቁ የሚሄደው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው። አመድም፣ የዱቄት ሳሙናም ያው ናቸው፤ ይፈገፍጋሉ። በረኪና ደግሞ ሳይፈገፍግም ወርቁን ያጠቁረዋል።

ስለዚህ 3ቱን ለማዳን የሚሠራው ይህ ነው። ውሃ ይፈላል፣ ነጩ ወደ ታች እስኪወርድ ይቀመጣል፣ ከላይ ያለው ብቻ በቀስታ ይቀዳል፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ እሱ ይሁን። ሲፈላ ከኖራው ብዙው ከታች ስለሚቀር ሲኒው ላይ የሚደርቀው ትንሽ ነው። ከዚያ ሳይውል ሳያድር በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ፤ ረከቦት ላይ ገልብጦ መተው ጭጋጉን መጥራት ነው። እጥበቱ በፈሳሽ ሳሙናና በስፖንጁ ለስላሳ ጎን ብቻ። የቡና ቀለም ውስጡን ከያዘው ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሶ በጣት ታችኛውን ማሸት ነው፣ ወደ ጠርዙ ሳይወጡ። የቆየ ጭጋግ ካለ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ይበቃል። ሲኒውን መዘፍዘፍ ግን አይገባም፤ ከወርቁ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ውስጡ ይሞላል፣ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ይደፋል፣ ይለቀለቃል። አሲዱ ከሽፋኑ በላይ የታተመ አበባ ላይ ከዋለ ቀለሙን ያፈዘዋል።

አደራረብም አለ። የሲኒው ታች ቀለበት ሽፋን ስለሌለው ሻካራ ነው፣ በጣት ሲነኩት ይታወቃል። አንዱ በሌላው ላይ ሲደረደር ያ ሻካራ ቀለበት የታችኛውን ወርቅ እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። በየመሃሉ ጨርቅ ወይም ወረቀት ካልገባ መደርደር የለበትም። ማይክሮዌቭም አይሆንም፣ ወርቁ ብልጭታ ያወጣል።

«የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ወርቅ ቀለም አለ፣ ቀባ አድርገው» የሚል ምክር ሰምቻለሁ። አፍ የሚነካው ቦታ ላይ እንዳይሞከር! ያ ቀለም ለጌጥ እንጂ ለምግብ ዕቃ አይደለም። በትክክል የሚመለሰው እንደገና ወርቅ ተቀብቶ ምድጃ ሲገባ ብቻ ነው፤ ያንን የሚሠራ ሰው ቢገኝም ከአዲስ ሲኒ ይወደዳል።

ልትገዙ ከሆነ ማስጮኹን ለሻጩ ተዉለትና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ አበባው ላይ እለፉ። ጠርዙ ከተሰማችሁ ከሽፋኑ በላይ የታተመ ነው። ሲኒውን ወደ ብርሃን አዘንብሉት፤ አበባው ያለበት ቦታ ከነጩ ለየት ብሎ ከደበዘዘ ያው ነው። ከሽፋኑ ሥር ያለ ሥዕል ዙሪያው እኩል ያብለጨልጫል፣ ጣትም አይለየውም፤ በሽቦ የሚያጥብ ቤት እንኳን ቶሎ አያጠፋውም። ወርቁን ደግሞ የማስቀመጫ ሳህኑ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ላጲስ አሥር ጊዜ ፈተግ አድርጉ። ሻጩ ካልፈቀደ፣ አለመፍቀዱ ራሱ መልስ ነው።

ሰሞኑን በዚያው ሱቅ በር ሳልፍ «አቦ፣ ያንኑ ዕቃ አስገብተናል!» ብሎ ጠራኝ። ወርቅ የሌለው ካለህ አሳየኝ አልኩት፤ ጽጌረዳው ግን ያው ይሁን።