የሽመና ክፍል ጩኸት፦ የጆሮ መድፈኛ ማደል ወይስ ሥራውን ማስተካከል?

ባሕር ዳር ከ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ በመሆኗ፣ የሽመና ክፍል ጩኸት ለብዙ ቤተሰቦቿ እንግዳ አይደለም። በመወርወሪያ የሚሠሩ የድሮ ማሽኖች በተደረደሩበት አዳራሽ ድምፁ ወደ 100 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ሊደርስ ይችላል። በሰፊው ተቀባይነት ያለው ገደብ በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በ100 ዴሲቤል ውስጥ ያለ መከላከያ መቆየት የሚቻለው 15 ደቂቃ ያህል ነው።

መድፈኛ ማደል ወጪው አነስተኛ ነው፤ ዛሬውኑ ይጀመራል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ነገር ግን ሸክሙን በሠራተኛዋ ላይ ይጥላል፤ በሚያዝያ ወበቅ በላብ የረጠበ መድፈኛ ሳያወልቁ መዋል ከባድ ነው፣ ለጥቂት ደቂቃ ማውለቅም ጥበቃውን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ሥራውን ማስተካከል ማለት የላላውን ክፍል ማጥበቅ፣ ማሽኑን ንዝረት በሚውጥ ጎማ ላይ ማሳረፍ፣ ሠራተኞችን ጸጥ ካለ ክፍል ጋር ማፈራረቅ፣ አዲስ ማሽን ሲገዛም ከዋጋው እኩል ስለ ድምፁ መጠየቅ ነው። ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ፣ አዲሱ ማሽን አንዲት ሠራተኛ ብዙ ማሽኖችን እንድትቆጣጠር ስለሚያደርግ፣ ጆሮዋ ቢያርፍ እንኳ ዓይኗና እግሯ ሊዝሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ የማሽኖቹ ብዛት ከእርሷ ጋር ተመክሮበት ሊወሰን ይገባል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በጩኸት የሞተ የውስጥ ጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አያድግምና። መድፈኛው ግን ድምፁ ተለክቶ ከ85 ዴሲቤል በታች እስኪወርድ ድረስ ከጆሮ አይለይ።