እናቴን ታይ ቺ ለሚያስተምሩት መምህርት ምስጋና፣ ወላጅ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የምትኖሩ፣ በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችሁን ከአገር ቤት አምጥታችሁ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ትታችሁ ወደ ሥራ የምትሮጡ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው እናቴን ታይ ቺ (በዝግታ የሚሠራ የቻይና የሰውነት እንቅስቃሴ) የሚያስተምሩትን ቻይናዊት መምህርት በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ንፉግነት ስለሚሆንብኝ ነው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን የሚያስተምሩበትን የአረጋውያን ማዕከል እናገራለሁ።

እናቴ በረዶ አንሸራትቷት ከወደቀች በኋላ አጥንቷ ቢድንም ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ግድግዳ ካልያዘች አትራመድም፤ ከቤት መውጣት ስታቆም ከሰው ጋር መጫወቱም ቀረ፣ የጀመረችውን ወሬ መሐል ላይ መርሳት አመጣች። መፍትሔ ፍለጋ ያላዳረስነው ቦታ የለም። አንዱ ጋ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ ሥዕል ወረቀት አስይዘው ሸኙን፤ ሌላው ጋ አሠልጣኙ ከስልኩ ቀና ሳይል ይቆጥርላት ነበር። ከሁሉ የመረረኝ ግን እሷ እዚያው ተቀምጣ ሳለ ወደ እኔ ዞሮ «በዚህ ዕድሜ ምን ትጠብቂያለሽ?» ያለኝ ባለሙያ ነው። ቋንቋውን ባትሰማም ፊቱን አንብባዋለች፤ ቤት እስክንደርስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

እኚህ መምህርት በመጀመሪያው ቀን ክርኗን አልጨበጡም፤ ሁለት ጣታቸውን ብቻ ከሥሩ አስጠግተው አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አብረዋት ተራመዱ። ዓይኗ ከወለሉ እንደማይነሣ አስተውለው ሌላውን እጃቸውን ከፊቷ በቀስታ እያንቀሳቀሱ እንድትከተለው አደረጉ። አንዱ እግር ክብደቱን ሙሉ በሙሉ ሳይሸከም ሌላውን አለማንሣት፤ እኔ እስከገባኝ ድረስ የትምህርቱ መሠረት ይኸው ነው።

እየቆየ ሲሄድ እየተንቀሳቀሱ ማሰብን ጨመሩበት። ሌሎቹ የእንግሊዝኛ ቃላትን ፊደል በፊደል ወደ ኋላ ሲጠሩ እናቴ ዝም ማለቷን አይተው በራሷ ቋንቋ የምታውቀውን እንድትጠራ በእኔ በኩል ነገሯት። እሷም የወሩን በዓላት ከሠላሳ ወደ ታች ያዘች፤ እጇን ከግራ ወደ ቀኝ እያንሳፈፈች «ማርቆስ፣ ባለ ወልድ፣ አማኑኤል፣ መድኃኔ ዓለም» ትላለች። ስትሳሳት መምህርቷ አንድ ቃል ባይገባቸውም እጃቸውን ባለበት አቁመው እስክታስታውስ ይጠብቋታል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ለገዛ እናቴ እኔ ራሴ የለኝም።

አሠራሩም ከመሬት የተነሣ አይደለም። በኦሪገን የምርምር ተቋም ፉጆንግ ሊ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ለመውደቅ የተጋለጡ 670 ሰዎችን ተከታትለው፣ ታይ ቺ የሠሩት ሰውነት ከማፍታታት ብቻ ከሠሩት በ58 በመቶ ያነሰ መውደቃቸውን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የማስታወስ ችግር የጀመራቸውን 318 አረጋውያን ለ24 ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ አሠርተው፣ ታይ ቺን ከአእምሮ ሥራ ጋር ያጣመሩት፣ ታይ ቺ ብቻ ወይም ማፍታታት ብቻ ከሠሩት ይበልጥ መሻሻላቸውን ጽፈዋል። በአንጎል ውስጥ ምን እንደሚከናወን መምህርቷ አስረድተውኝ ነበር፤ ግማሹ አልገባኝም። የመርሳት በሽታን ይፈውሳል የሚላችሁ ካለ ግን አትመኑት፤ እሳቸውም እንደዚያ ብለው አያውቁም።

ባዕድ አምልኮ እንዳይሆን የሰጋችሁም ትኖራላችሁ፤ እናቴም መጀመሪያ ጠይቃ ነበር። አሁን ሰው ሲጠይቃት «ስግደት እንኳ ከዚህ ይከብዳል» ብላ ትስቃለች። ደረጃውን ያለ እኔ ትወርዳለች፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያየችውን የሰማችውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታወራኛለች።

እባካችሁ ወላጆቻችሁን ውሰዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ውሰዱ። አስቀድማችሁ ሐኪማቸውን አማክሩ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉላቸው። መቆም የሚከብዳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጀምራሉ፤ እንግሊዝኛ የማይችሉትን ደግሞ እናቴ ከጎኗ ታቆማቸዋለች።