ዓይኗ አገጯ ላይ የወረደው አሻንጉሊት
ቅዳሜ ከልጄ ጋር የጨርቅ አሻንጉሊት መሥራት የሚያስተምሩበት ቤት ዋልን። ገላዋ ከአቡጀዲድ ይሰፋል፣ ከዚያ በትንሽ ቀዳዳ ጥጥ ይጠቀጠቃል፤ እዚህ ላይ መሰሰት አያስፈልግም፣ አንገቷ ላይ ጥጥ ካነሰ ጭንቅላቷን መሸከም ያቅታትና እንደ ሰካራም ትዘምማለች (የኔዋ እንደዚያ ነው የሆነችው)። ፊቷ ደግሞ የተቀዳደደ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየተነከረ በስሱ ተደራርቦ ነው የሚሠራው። ችግሩ እሱ ላይ ነው። ወረቀቱ ሳይደርቅ ቀለም ቀቡ አሉን፣ ቤት ስንደርስ ዓይኗ አገጯ ድረስ ወርዷል! ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር ነበረበት። ቀሚሷን ግን ጥለት ካለው አሮጌ ነጠላ ቆርጠን ስናለብሳት፣ በቃ፣ ሙሽራ። መርፌዎቹ ዶልዱመዋል፣ መቀስ አንድ ለአራት ሰው ነው፣ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። የአስተማሪዋ ትዕግሥት ግን ለጉድ ነው። ልጄ ትናንት አቅፋት ተኛች፣ ዓይኗም እንዳይነካ ብላለች።