ሄልሜት ላይ የሚደረበው ቆብ፦ ጋርዲያን ካፕ ለላይንማን ያዋጣል?

ሲያዩት ያስቃል። ከሚያብለጨልጨው ሄልሜት በላይ የተደረበ፣ እዚህም እዚያም እብጥ እብጥ ያለ፣ ያደረገውን ሰው ራስ ዱባ የሚያስመስል ቆብ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ሲቀልዱበት ኖረዋል። ቀልዱ ግን ከገበያ አላስወጣውም። ከኤንኤፍኤል፣ ማለትም ከፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ እስከ ሃይስኩል ድረስ የክረምቱ ልምምድ ሲጀመር በየሜዳው ይታያል። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሚኒያፖሊስ ልጁ ትከሻው ሰፋ፣ ቁመቱ ዘለግ ስላለ አሠልጣኙ መስመር ላይ ያቆመው ሐበሻ ወላጅ፣ የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር ሲደርሰው ይህን ስም ማየቱ አይቀርም።

ቆቡን የሚሠራው ጆርጂያ ውስጥ ፒችትሪ ኮርነርስ የሚገኘው ጋርዲያን ስፖርትስ ነው። ለስላሳ ስፖንጅ የታጨቀባቸው ክፍሎች እርስ በርስ ተያይዘው ከሄልሜቱ ውጭ ይለበሳሉ። ከሄልሜቱ ጋር በማጣበቂያ አንድ አይሆንም፤ በሚለጠጡ ማሰሪያዎችና በቬልክሮ ይያዛል እንጂ፤ ስለዚህ በመጠኑ ይንሸራተታል። ይህ መንሸራተት ጉድለት ሳይሆን የአሠራሩ ዋና ሐሳብ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቆቡ ለሁሉም እኩል አይጠቅምም። በእኛ ግምት ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው ለኦፌንሲቭ ላይንማን፣ ማለትም ኳስ በያዘው ወገን ፊት መስመር ላይ ለሚቆመው ተጫዋች ነው፤ ያውም ደመወዝ ከሚበላው ይልቅ ገና ለሚማረው።

ምክንያቱን ለማየት አንድ ጨዋታ ሲጀመር መመልከት ይበቃል። ላይንማኖቹ አምስት ናቸው፤ መሀል ላይ ሴንተሩ፣ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ዳርና ዳር ሁለት ታክሎች። ኳስ ይዞ መሮጥ የእነሱ ሥራ አይደለም። ለያዘው መንገድ ይከፍታሉ፣ ኳስ ወርዋሪውን ኳርተርባክ ይከልላሉ። ኳሷ በሴንተሩ እግሮች መሀል ስትወጣ እያንዳንዳቸው 140 ኪሎ የሚጠጉ ሰዎች ከክንድ ብዙም በማይርቅ ክፍተት ፊት ለፊት ይነሣሉ። መንደርደሪያ ስለሌላቸው ግጭታቸው ሜዳ መሀል ላይ እንደሚጣለው ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) ተመልካች አያስጮህም። ዷ ይላል፣ ያልፋል። በአንድ ጨዋታ ግን ይህ 60 ጊዜ ገደማ ይደጋገማል። ሁሉም ራስ ባይነካም የሚነካው ቀላል አይደለም፤ በተለይ ዝቅ ብሎ በሚገፋበት የሩጫ ጨዋታ ላይ።

ዱሮማ የባሰ ነበር። ተከላካዩ የላይንማኑን ሄልሜት በመዳፉ ማጮል የተከለከለው በ1977 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1978 ደግሞ ላይንማኖች ኳርተርባኩን ሲከልሉ እጃቸውን ዘርግተው በተከፈተ መዳፍ እንዲገፉ ተፈቀደላቸው። ከዚያ በፊት እጅ ደረት ላይ ተሰብስቦ ስለሚቆይ ቀድሞ የሚደርሰው ትከሻና ራስ ነበር። የፒትስበርግ ስቲለርስ ሴንተር የነበረው ማይክ ዌብስተር በ1974 ጀምሮ በ1990 ካንሳስ ሲቲ ላይ እስኪያቆም 17 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። በ2002 ሲሞት አንጎሉን የመረመረው ናይጄሪያ ተወላጁ ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ነው፤ ሲቲኢ የተባለው የአንጎል በሽታ በኤንኤፍኤል ተጫዋች ላይ መጀመሪያ የተገኘውም ያኔ ነው። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2023 ያወጡት ጥናት ይህንኑ ነገር ያብራራል። ለበሽታው ይበልጥ የሚጠቁመው ስንት ጊዜ ኮንከሽን (ከምት የሚመጣ የአንጎል መናወጥ) ተመዘገበ የሚለው አይደለም፤ በዓመታት የተጠራቀመው የምት ብዛትና ኃይል ነው። የላይንማን ዕድሜ ደግሞ የሚያልፈው እነዚህን ማንም የማይመዘግባቸውን ምቶች በማጠራቀም ነው።

ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። ኤንኤፍኤል በ2022 የዝግጅት ልምምድ ላይ ቆቡን ለሁለቱም ወገን ላይንማኖች፣ ከመስመሩ ዳር ለሚቆሙት ታይት ኤንዶችና ከተከላካዩ መስመር ኋላ ለሚቆሙት ላይንባከሮች ግዴታ አደረገ። በዚያ ወቅት በእነዚህ ቦታዎች የታየው ኮንከሽን ከቀደመው የሦስት ዓመት አማካይ በ52 በመቶ መቀነሱን ሊጉ አሳውቋል። በ2023 ግዴታው በውድድሩ ወራት ወደሚደረገው የንክኪ ልምምድም ሰፋ፤ በ2024 ደግሞ የፈለገ ተጫዋች በጨዋታ ላይ እንዲያደርገው ተፈቀደ። የስቲለርሱ ጋርድ ጄምስ ዳንኤልስ ካደረጉት ጥቂቶች አንዱ ነበር።

52 በመቶ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ሻጭ ሁሉ የሚያነሣውም እሱን ነው። ይሁንና ሊጉ ራሱ በቤተ ሙከራ ያገኘው ውጤት ረጋ ያለ ነው፤ ከሚጋጩት አንዱ ብቻ ሲያደርገው የምቱ ኃይል በ10 በመቶ ገደማ፣ ሁለቱም ሲያደርጉት በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ለገዢ የሚጠቅም ነገር አለ። ቆቡ የቡድን ዕቃ ነው። አንድ ልጅ ብቻውን አድርጎ ሌላው ባዶ ሄልሜት ይዞ ከመጣ ጥቅሙ በግማሽ ይቀራል። ወላጅ ለብቻው ከመግዛቱ በፊት አሠልጣኙን መጠየቅ ያለበት «ሌሎቹስ ያደርጋሉ ወይ?» ብሎ ነው።

በሌላ በኩል የዊስኮንሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤክስቲ የተባለውን ሞዴል በልምምድ ላይ ያደረጉ የሃይስኩል ተጫዋቾችን ካላደረጉት ጋር ሲያነጻጽሩ በኮንከሽን ቁጥር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ስታንፎርድ ላይም ቆቡ በቤተ ሙከራ ጥሩ ውጤት ካሳየ በኋላ፣ መለኪያ ያለው የጥርስ መከላከያ ባደረጉ ጥቂት የኮሌጅ ተጫዋቾች ሲሞከር ልዩነቱ ሜዳ ላይ ጠፍቷል። አምራቹም ቢሆን ኮንከሽን ይከለክላል አይልም። ስለዚህ «ይህን ካደረገማ አያሳስብም» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ሱቁን መቀየር ነው።

ታዲያ ለምን ይገዛል? መልሱ የላይንማኑ የሥራ ዘመን አቆጣጠር ውስጥ ነው። ኤንኤፍኤል ከደረሰ በኋላ ሊጉ ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር ባለው ስምምነት መሠረት በውድድሩ ወራት ሙሉ ትጥቅ ለብሶ የሚለማመደው 14 ቀን ብቻ ነው፤ ጨዋታው ግን 17 ነው። አብዛኛው ምት ቆቡን ጥቂቶች ብቻ በሚያደርጉበት ጨዋታ ላይ ይመጣል ማለት ነው። ሃይስኩል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጨዋታው በሳምንት አንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ማታ ነው፤ የቀረው ቀን ልምምድ ነው። በዚያ ዕድሜ ከሚጠራቀመው ምት ብዙው ልምምድ ላይ የሚመጣ ከሆነ፣ በየምቱ ትንሽ የሚያነሣ ዕቃ ቦታው እዚያ ነው። ይህ ግምታችን ነው፤ የልምምዱን ንክኪ መቀነስ ግን ከየትኛውም ቆብ ይበልጣል፣ ዋጋም የለውም።

ሞዴሎቹን መለየት ቀላል ነው፣ የሚሳሳተው ግን ብዙ ነው። ኤክስቲ ለታዳጊዎችና ለሃይስኩል የተሠራ ሲሆን 200 ግራም ገደማ ይመዝናል። ኤንኤክስቲ ለኮሌጅና ለኤንኤፍኤል ግዙፎች የተሠራ፣ ጠንከርና ወፈር ያለ፣ 340 ግራም ገደማ ነው። ዋጋቸውም ይለያያል፤ የመጀመሪያው ከ100 ዶላር በታች፣ ሁለተኛው ከ100 በላይ። «ኤንኤፍኤል የሚያደርገውን ስጡኝ» ብሎ ለ12 ዓመት ልጅ ኤንኤክስቲ መግዛት ስሕተት ነው። ሁለት ኪሎ ከሚጠጋ ሄልሜት ላይ የሚጨመረው ክብደት በሙሉ የሚያርፈው ገና ባልጠነከረ አንገት ላይ ነው። ስፖንጁም የተመጠነው ለከባድ ሰው ምት ስለሆነ በቀላል ምት በሚገባ አይጨመቅም።

አገጣጠሙ የአምስት ደቂቃ ሥራ ይመስላል። ከሱ በፊት ግን ሄልሜቱ ራሱ መፈተሽ አለበት። የፊት ጠርዙ ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ የጉንጭ ትራሶቹ ጉንጭ ይንኩ፤ ፌስማስኩን (ከፊት ያለውን የብረት መከላከያ) ይዘው ወዲህና ወዲያ ሲያዞሩት የግንባር ቆዳ አብሮ ይሂድ። ሄልሜቱ ራስ ላይ የሚዋኝ ከሆነ ቆቡ አያድነውም፣ ይበልጥ ያስከብደዋል እንጂ። ከዚያ ቬልክሮው የሚለጠፍበትን ቦታ በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ፣ ለጥፎ አጥብቆ መጫን፣ ቢቻል አሳድሮ ማያያዝ። በላብና በሰም ላይ የተለጠፈ ቬልክሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይላቀቃል። ቆቡ ሲጠለቅ መሀሉ ከሄልሜቱ መሀል ጋር ይገጥማል፣ የፊቱ ጫፍ ከሄልሜቱ ጠርዝ አያልፍም፤ በመጨረሻ ማሰሪያዎቹ በፌስማስኩ ብረቶች ዙሪያ ዞረው ቁልፎቻቸው ጠቅ ይላሉ።

በብዛት የሚታየው ጥፋት ማጥበቅ ነው። ቆቡ ሲወዛወዝ ያላማረው ሰው ማሰሪያውን በፕላስተር ጠቅልሎ ከሄልሜቱ ጋር ያሠረዋል። ያን ጊዜ ዋናው ጥቅም ይጠፋል። ምት ከጎን ሲመጣ መጀመሪያ መንሸራተት ያለበት ቆቡ ነው፤ እሱ ከታሰረ ሄልሜቱ ይዞራል፣ ከሄልሜቱ ጋርም ራስ ይዞራል።

የአገጭ ማሰሪያው ሌላው ጣጣ ነው። ማሰሪያው አራት ቦታ የሚቆለፍ ሲሆን የላይኞቹ ሁለት ቁልፎች አንዳንድ ጊዜ በቆቡ ጠርዝ ይሸፈናሉ። ልጁ ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ፣ አሠልጣኙ ፊሽካ እየነፋበት፣ ቁልፉን ሲያጣው ሁለቱን ብቻ ቆልፎ ይገባል። በሚቀጥለው ግጭት ሄልሜቱ ከነቆቡ ሣር ላይ ነው። ጓንት እንዳደረገ አራቱንም ሳያይ መቆለፍ ካልቻለ ቆቡ ወደ ላይ ይነሣ።

ለላይንማን ብቻ የሚያስፈልግ አንድ ፈተና አለ፤ ሱቅ ውስጥ ማንም አይሞክረውም። የትከሻ መከላከያውን ለብሶ አንድ እጁን መሬት ላይ አሳርፎ እንደ ጨዋታው ያጎንብስና ቀና ብሎ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ይይ። የቆቡ የኋላ ጠርዝ ከትከሻ መከላከያው አንገትጌ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ሄልሜቱን ወደፊት ይገፋና ዓይኑን ይጋርደዋል። ቆሞ ሲለካ ልክክ ያለ ቆብ አጎንብሶ ሲሞከር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ቆቡን ትንሽ ወደፊት መሳብ ወይም አንገትጌው ዝቅ ያለ መከላከያ መምረጥ ነው። ካልሆነ ልጁ ለማየት ሲል ዳሌውን ይጥላል፣ አቋሙ ይበላሻል። በዚያው አቋም እንዳለ የኳርተርባኩን ድምፅ መስማቱም ይታይ፤ የጆሮ ቀዳዳው ከተሸፈነ ኳሷ ከወጣች በኋላ ነው የሚነሣው።

ቆቡ ለአንገት ምንም አያደርግም። ራሱን ደፍቶ በመሀል አናቱ የሚገጭ ተጫዋች አደጋው አከርካሪው ላይ ነው፤ ስፖንጅ ደርቤያለሁ ብሎ ከደፈረ ደግሞ ቆቡ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል። ቀና ብሎ፣ ዓይኑን ከፍቶ፣ በእጁ መግፋትን የሚያስተምር አሠልጣኝ በሌለበት ቡድን ዕቃውን አንመክረውም።

ከመግዛት በፊት የሄልሜቱ አምራች በላዩ ስለሚጨመር ዕቃ ምን እንደሚል ማንበብም ያስፈልጋል፤ የደኅንነት ማረጋገጫውንና ዋስትናውን ሊነካ ይችላል። ሄልሜቱ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ሄልሜቱ ይሂድ። ቨርጂኒያ ቴክ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ሄልሜቶችን ፈትኖ እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል፤ ዝቅተኛ ኮከብ ያለው ሄልሜት ላይ ቆብ መደረብ የሚያፈስ ጣራ ላይ ቀለም መቀባት ነው። ኤንኤፍኤል ራሱ በ2024 አንዳንድ አዳዲስ ሄልሜቶችን ላደረጉ ተጫዋቾች ቆቡን ግዴታ አላደረገም፤ ሄልሜቶቹ ለብቻቸው ቆብ ከተደረበበት ሌላ ሄልሜት አያንሱም ብሎ ነው።

አያያዙ አያስቸግርም። በለዘብተኛ ሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፤ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አይገባም። ቬልክሮው ሣርና ክር ሲሞላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጸዳል። የሚለጠጡት ማሰሪያዎች ከቆይታ በኋላ ይላላሉ፤ ሲዘረጉ ተመልሰው ካልተሰበሰቡ ጊዜያቸው አልፏል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ቆቡ ሙሉ በሙሉ ወልቆ ሄልሜቱ በደማቅ ብርሃን ይታይ፤ በተለይ በብሎኖቹ ዙሪያና በግንባሩ በኩል። ስንጥቅ ካለ ቆቡ ሸፍኖት ይከርማል።