ተክለ ሃይማኖት ሰፈር የገዛሁት ባለ 8 ሚሊ የመልህቅ ሰንሰለት

ሱቁን የወደድኩት ካሊፐሬን (የብረት ውፍረት መለኪያዬን) ከኪሴ ሳወጣ ሻጩ ፊቱን ስላላጠቆረ ነው። «ጋሼ፣ ብርሃን ያለበት እናውጣውና ይለኩት» ብሎ ጥቅልሉን ራሱ በረንዳው ላይ ዘረጋልኝ። ከዚያ በፊት መርካቶ የገባሁበት ሱቅ «8 ሚሊ ነው» ብሎ ያሳየኝ ሰንሰለት ሲለካ 7.3 ነበር። ሻጩ ደግሞ «ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም! ጥንካሬው የሚመጣው ብረቱ ሲቆረጥ ከሚታየው ክብ ስፋት ስለሆነ፣ ያቺ የ0.7 ሚሊ ልዩነት ከመቶ 17 ያህል ጉልበት ትበላለች። ጀልባ ላይ ሰው ነው የሚጫነው።

ሰንሰለቱ ለአጎቴ ነው። ባሕር ዳር ላይ ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስባት ባለ 7 ሜትር የፋይበር ጀልባ አለችው። ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ እሱ የሚቆመው ግን ዳር ዳሩን፣ 4 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከውሃው እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ያለውን 1 ሜትር ደምሩበት፤ ገመድና ሰንሰለት ተያይዞ ሲጣል የድምሩን 7 እጥፍ፣ ማለትም 35 ሜትር መልቀቅ ይገባል። ከዚህ ውስጥ 10 ሜትሩ ሰንሰለት ቢሆን ይበቃዋል። ሥራው መሬት ላይ ተኝቶ መልህቁ ወደ ላይ ሳይሆን በአግድም እንዲጎተት ማድረግ፣ ገመዱንም ድንጋይ እንዳይበላው መጠበቅ ነው።

የተክለ ሃይማኖቱ ሰንሰለት ቀለበቱ አጭር ነው፤ ውስጡ ሲለካ 24 ሚሊ። በየተወሰነ ርቀት ቀለበቱ ላይ 30 የሚል ቁጥር ተመትቶበታል። ይህ ማለት ብረቱ በካሬ ሚሊ ሜትር እስከ 300 ኒውተን ሳይበጠስ ይሸከማል ማለት ነው፤ ለ8 ሚሊ ሲሰላ 3 ቶን ገደማ ይመጣል። ለሥራ የሚታሰበው ሩቡ ነው፣ ወደ 750 ኪሎ። ቁጥር ያልተመታበትን ሰንሰለት፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምልልኝ፣ ለመልህቅ አልገዛም።

ብየዳ እንጀራዬ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የወሰድኩት መጋጠሚያው ላይ ነው። ቀለበት በቀለበት በአውራ ጣቴ እየዳሰስኩ ሄድኩ። ብየዳው ከጎን ነው፣ ትንሽ አበጥ ያለ፣ ስንጥቅም ጉድጓድም የለውም። ሁለት ቀለበቶች ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ሽፋን እንደ ሰም ተንጠባጥቦ አጣብቋቸው ነበር፤ በእጄ ሳጣምማቸው ቀጭ ብለው ተላቀቁ። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሰንሰለቱ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ መነከሩን ያሳያል። እንዲህ ያለው ግራጫና ሸካራ ነው። የሚያብለጨልጨው በኤሌክትሪክ የተለበጠው ሲሆን፣ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይዝጋል።

ሚዛን ላይ አስወጣነው፤ 10 ሜትሩ 14 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ልክ ነው። በጣም ቀሎ ቢሆን ኖሮ ወይ ብረቱ ቀጥኗል ወይ ቀለበቱ ረዝሟል ማለት ነበር።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ረዳቱ ልጅ «ይሄ ይሻላል» ብሎ ያሳየኝ ጥቁሩን የዕቃ ማንሻ ሰንሰለት ነው፣ 80 የተመታበትን። ጠንካራነቱን አልክድም፤ ግን ዚንክ የለውም፣ የሚጠብቀው ዘይቱ ብቻ ነው፣ ለጣና አይሆንም። ከክሬን ውጭ ላለ ሥራ ለሚጠይቅ ሰው እንዲህ ብሎ መምከር ተገቢ አይደለም። ደረሰኙ ላይም «ሰንሰለት» ብቻ ጽፈው ነበር፤ ውፍረቱንና ቁጥሩን ጨምሩበት ስላቸው ግን ያለ ጭቅጭቅ ጻፉልኝ።

ሻክሉን፣ ማለትም ሰንሰለቱን ከመልህቁ የሚያያይዘውን ባለ ፒን ብረት፣ ከእነሱ አልወሰድኩም። ያላቸው ምንም የመሸከም አቅም ያልተጻፈበት ነው፤ ሻክሉ ከተፈታ ወይም ከተሰበረ ደግሞ መልህቁ ይጠፋል። ሌላ ሱቅ አቅሙ የተመታበት ባለ 10 ሚሊ አገኘሁ፤ ከመግዛቴ በፊት በመጨረሻው ቀለበት ማለፉን እዚያው ሞከርኩ። ፒኑ እንዳይፈታ በሽቦ ይታሰራል፣ ይህን ለአጎቴ አስምሬ ነግሬዋለሁ።

ዋጋው ከመርካቶው በሜትር ሲሶ ያህል ይበልጣል፤ ይገባዋል። ለዓሣ ጀልባም ሆነ ለመዝናኛ ጀልባ ሰንሰለት የምትፈልጉ ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠዋት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ የኮንስትራክሽን ደንበኛ ስለሚበዛ ጥቅልል የሚዘረጋላችሁ አታገኙም።