ለጣና ውኃ፦ ባለ 3 ወይስ ባለ 5 ሚሊሜትር የመጥለቂያ ልብስ?

የፓምፕ መምጠጫ ለማጽዳት ወይም የተጠላለፈ መረብ ለመፍታት ባጭሩ ለሚጠልቅ ባለ 3ቱ ይበቃል፤ ክንድ እንደ ልብ ይታጠፍበታል። ባለ 5ቱ የበለጠ ያሞቃል። ግን ላስቲኩ ውስጥ ያለው የአየር አረፋ ሰውን ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ ወገብ ላይ ተጨማሪ የእርሳስ ክብደት ይፈልጋል (የቀበቶው መቆለፊያ በአንድ እጅ የሚፈታ ይሁን)። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ ወራጁ ውስጥ ተንበርክኮ ለረጅም ሰዓት ለሚሠራ ባለ 5ቱ ይሻላል፤ ጉማሬ ካለ ግን የትኛውም አያድንም።

ከውፍረቱ በላይ ልኩ ይወስናል። አንገቱ ላይ ጣት እንደ ልብ ከገባ፣ በልብሱና በገላ መካከል የሞቀው ስስ ውኃ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ይወጣና ቀዝቃዛው ይተካል፤ ያኔ 5 ሚሊሜትሩም ከንቱ ነው። ልብሱ ቀድሞ የሚያልቀው ጉልበቱ ላይ ነውና የጉልበት መከላከያ ይደረብበት። ማድረቅ ጥላ ላይ ነው፣ ፀሐይ ላስቲኩን ያሰነጥቀዋል። እጅና እግር ስለሚጋለጡ ከቢልሃርዚያ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ አይከላከሉም።