ክላንግ-ታይዲ ለሄደር ፋይል ጣጣ፦ አራት ወር ተጠቅሜበት

ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ለምትሰሩ፣ በተለይ አንድ ሄደር (ሌሎች ፋይሎች ኢንክሉድ ብለው የሚጠሩት ዶት ኤች ፋይል) ለብዙ ፋይል ለምታጋሩ ነው ይሄን የምጽፈው። ክላንግ-ታይዲ ኮዱን ሳያስኬድ አንብቦ ስህተት የሚጠቁም መሳሪያ ነው፣ ነጻ ነው፣ የኤልኤልቪኤም (የኮምፓይለር መሳሪያዎች) ፕሮጀክት አካል ነው፣ እኔ ያለኝ ቨርዥን 17 ነው።

እንድጠቀምበት ያደረገኝ ነገር እንዲህ ነው። ከባልደረባዬ ጋር የምንጋራው ኮንፊግ ዶት ኤች የሚባል ፋይል አለን፣ እሱ ውስጥ አንድ ተራ ኢንት ቫሪያብል ዋጋው 3 ተብሎ ተጻፈ፣ ከዛ ሊንከሩ (ኮምፓይል የተደረጉትን ፋይሎች አንድ ፕሮግራም አድርጎ የሚያገናኘው) መልቲፕል ዴፊኒሽን እያለ አላሳልፍ አለን። ባልደረባዬ "ኧረ ጋርድ አለው እኮ" ይለኛል፣ እውነቱን ነው፣ ኢፍንዴፉም አለ፣ ፕራግማ ዋንስም አለ። ግን ጋርድ የሚከለክለው አንድ ዶት ሲፒፒ ኮምፓይል ሲደረግ ያው ሄደር ሁለቴ እንዳይገባ ብቻ ነው። ሄደሩን የሚጠሩት ሜይን ዶት ሲፒፒና ኔትወርክ ዶት ሲፒፒ ግን ለየብቻ ነው ኮምፓይል የሚደረጉት፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ቫሪያብል ይዘው ሊንከሩ ጋ ሲደርሱ እሱ አንድ ስም ሁለት ቦታ አገኘሁ ብሎ ይቆማል። ይሄን ስንቱ ሰው ጋርድ ሲቀያይር ነው የሚውለው!

የክላንግ-ታይዲን ሚስክ-ዴፊኒሽንስ-ኢን-ሄደርስ የሚለውን ቼክ (አንድ ዓይነት ስህተት የሚፈልግ ደንብ) ሳበራው ሊንከር ጋ ሳይደረስ መስመሩን በቁጥር ጠቁሞ አሳየኝ። ፋንክሽን ከሆነ ኢንላይን (በብዙ ፋይል ቢደገምም ሊንከሩ እንደ አንድ እንዲቆጥረው የሚያደርግ ቃል) በሉት ይላል፣ ፊክስ ካላችሁት ራሱ ይጨምርላችኋል። ቫሪያብል ላይ ግን ውሳኔው የእናንተ ነው፦ ወይ ሄደሩ ላይ ኤክስተርን (ቫሪያብሉ ሌላ ቦታ አለ የሚል ቃል) ብላችሁ ዋጋውን አንድ ዶት ሲፒፒ ውስጥ ብቻ ታስቀምጣላችሁ፣ ወይ ሲ ፕላስ ፕላስ 17 ከሆነ ኢንላይን ታደርጉታላችሁ። እኛ ኤክስተርኑን መረጥን፣ ምክንያቱም ዋጋውን በቀየርን ቁጥር ሄደሩን የሚጠራው ፋይል ሁሉ እንደገና ኮምፓይል እንዲሆን አልፈለግንም። ኮንስት (ዋጋቸው የማይቀየር) የሆኑትን ቼኩ አይነካቸውም፣ ልክ ነው፣ እነሱ በየፋይላቸው ተደብቀው ስለሚኖሩ አይጋጩም።

ሌላ የወደድኩት የጋርድ ስም የሚፈትሸው ቼክ ነው። ኔት ዶት ኤችን ኮፒ አድርጌ ሎግ ዶት ኤች ስሰራ የድሮው የጋርድ ስም አብሮ መጣ፣ ሁለቱን አንድ ፋይል ውስጥ ስጠራቸው ሁለተኛው ያለ ምንም ኤረር ባዶ ሆነ፣ ኢንክሉድ ያደረግኩትን ክላስ ኮምፓይለሩ አላውቀውም አለኝ፣ ግማሽ ቀን ነው የበላኝ። ቼኩ የጋርዱ ስም ከፋይሉ አድራሻ ጋር እንዲሄድ ያስገድዳል፣ የሚያወጣው ስም ረጅም ቢሆንም ይሻላል።

ስትጀምሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሄደር-ፊልተር (የትኞቹ ሄደሮች ማስጠንቀቂያ ይታይ የሚለው ኦፕሽን) ካልሰጣችሁት በእኔ ቨርዥን ከሄደር የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ ይደብቀዋል፣ ማለትም በጣም የምትፈልጉትን ነገር ሳታዩ ሁሉም ሰላም ይመስላችኋል። እያንዳንዱ ፋይል እንዴት ኮምፓይል እንደሚደረግ የሚዘረዝር ኮምፓይል ኮማንድስ የሚባለውን ፋይልም ይፈልጋል፣ ሲሜክ (ፕሮጀክት ቢልድ ማድረጊያ መሳሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ በአንድ መስመር ይወጣል። ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ቀርፋፋ ነው፣ የተቀየሩትን ፋይሎች ብቻ አስፈትሹ።

ሲ ብቻ የምትጽፉ ግን ሚስክ-ዴፊኒሽንስ-ኢን-ሄደርስ አይሰራላችሁም፣ የሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ለእናንተ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ጂሲሲ 10 (ኮምፓይለሩ) ራሱ ጠበቅ አድርጎታል፣ በፊት ዋጋ ያልተሰጠው ግሎባል ቫሪያብል ሄደር ውስጥ ሲኖር ዝም ብሎ ያዋህደው ነበር፣ አሁን ኤረር ይሰጣል። የድሮ ኮድ በአዲስ ጂሲሲ ሊንክ አልሆን ካላችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ፣ ኤፍ-ኮመን (የድሮውን አሰራር የሚመልስ ኦፕሽን) ብላችሁ ከማለፍ ኤክስተርን ጨምራችሁ አስተካክሉት።